የሂሪሉክ ሾርባ፦ ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ዛሬ የምንመለከተው ሰው በምድር ላይ የኖረ ሰው አይደለም። ማንጋ በሚባለው የጃፓን የሥዕል ልብ ወለድ ውስጥ ለጥቂት ምዕራፎች ብቅ ብሎ የሚያልፍ፣ ከዋነኞቹ ባለ ታሪኮች ተርታ የማይሰለፍ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ስሙም ዶክተር ሂሪሉክ ይባላል። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ታሪኩን በማንጋው አንብባችሁታል፤ ወይም በአኒሜው ተመልክታችሁታል። ከመሞቱ አስቀድሞ ስለ ሞት የተናገረው ቃልም ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፣ ኀዘንተኛን ለማጽናናት ሳይቀር ሲጠቀስ እንሰማለን።

«የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከማንጋ ጋር ምን አለው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አዲስ አይደለም። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ የግሪክ አሕዛብን ድርሰቶች ለሚማሩ ወጣቶች በጻፈው ምክር የንብን ምሳሌ አንሥቷል። ንብ በአበባ ሁሉ ላይ እኩል አታርፍም፤ ካረፈችበትም ሁሉን ተሸክማ አትሄድም፤ ለሥራዋ የሚሆነውን ወስዳ የቀረውን ትተዋለች። ወጣቶቻችን የሚያነቡትን እንዳላየን ብናልፍ ማንበባቸውን አይተዉም፤ የሚተዉት ከእኛ ጋር መነጋገርን ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህ ነው፦ ብዙዎች ከሂሪሉክ የሚወስዱት የመጨረሻ ንግግሩን ነው፤ ከንግግሩ ይልቅ ሊወሰድ የሚገባው ግን የጠጣው ሾርባ ታሪክ ነው።

ሂሪሉክ ማን ነው?

ዋን ፒስ የተሰኘው የጀብዱ ማንጋ የኤኢቺሮ ኦዳ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ በተባለው የጃፓን መጽሔት ላይ በተከታታይ ሲወጣ ኖሯል፤ በመጽሐፍ መልክ የታተሙት ቅጾችም ከ100 በላይ ናቸው። ሉፊ የተባለ ወጣትና ባልንጀሮቹ በባሕር ሲጓዙ፣ ከመካከላቸው አንዷ በጽኑ ስለ ታመመች ሐኪም ፍለጋ ድራም ወደምትባል የበረዶ ደሴት ይደርሳሉ። ሂሪሉክን የምናገኘው በዚህ ነው፤ እርሱንም በሕይወት ሳይሆን በሌሎች ትዝታ እናገኘዋለን፤ መርከበኞቹ ሲደርሱ ከሞተ 6 ዓመት አልፎታልና።

ድራም በአንድ ወቅት በሐኪሞቿ የታወቀች አገር ነበረች። ክፉው ንጉሥ ዋፖል ግን 20 ሐኪሞችን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ ሌሎቹን ከአገር አባረረ። ከዚያ በኋላ የታመመ ሁሉ ለመዳን በንጉሡ ፊት መንበርከክ ግድ ሆነበት። ሕክምና የማስገዣ በትር ሆነ ማለት ነው። ሂሪሉክ ለዚህ ሥርዓት አልገዛም ብሎ የቀረ ሰው ነው። ገንዘብ ሳይቀበል ያክማል፤ በር ቢዘጉበት በጭስ ማውጫ ይገባል። ነገር ግን አንድ ታላቅ ጉድለት ነበረበት፦ ሕክምና አያውቅም። የሚቀምመው መድኃኒት በሽተኛውን ይብስ ያሳምመዋል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ይሸሸዋል፣ የንጉሡ ወታደሮችም ያሳድዱታል።

ይህ ሰው አስቀድሞ ሌባ ነበረ። በማይድን የልብ ሕመም ተይዞ ሞቱን ሲጠባበቅ ሳለ፣ በሌላ አገር ሳኩራ በሚባለው የቼሪ አበባ የተሸፈነ ተራራ አየ። በውበቱ ልቡ ከመነካቱ የተነሣ ከሕመሙ እንደ ተፈወሰ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ የታመመ ልብ በዚህ ከዳነ፣ በክፉ አገዛዝ ልቡ የታመመ አገርም ሊድን ይችላል አለ። በበረዶ አገር ሳኩራ ለማበብም 30 ዓመት ደከመ።

ይህን ለመረዳት ሳኩራ በጃፓን ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አበባው በፀደይ ይፈነዳል፤ በብዙው የአገሪቱ ክፍል የትምህርት ዘመን በሚጀመርበት በሚያዝያ ወር አካባቢ ስለሚያብብ የአዲስ ጅማሬ ምልክት ነው። ዕድሜው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የሚያልፍ ሕይወት ምልክትም ሆኖ ይታያል። ጃፓናውያን ልጆች በደረቁ ዛፎች ላይ አመድ በትኖ አበባ ያስወጣ የአንድ ደግ ሽማግሌ ተረትም አላቸው። በረዶን አበባ ለማልበስ የሚደክም አዛውንት ለእነርሱ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

የራስ ቅሉና እንጉዳዩ

ሂሪሉክ አንድ ቀን በበረዶ ላይ ቆስሎ የወደቀ ፍጡር አገኘ። አጋዘን ሆኖ ተወልዶ የሰውነትን ጠባይ የሚሰጥ ተአምራዊ ፍሬ የበላ ነው። አፍንጫው ሰማያዊ ስለሆነ መንጋው አስቀድሞ ገፍቶታል፤ ፍሬውን ከበላ በኋላ ደግሞ ሰዎች ጭራቅ ነው ብለው ተኩሰውበታል። ሂሪሉክ ሊረዳው ሲቀርብ በፍርሃት መታው። ሽማግሌው ግን አልሸሸም፣ አልተቆጣምም፤ በዚያ ብርድ ልብሱን ሁሉ አውልቆ መሣሪያ አለመያዙን አሳየው። ከዚያም ወደ ቤቱ ወስዶ አከመው፤ ቾፐር የሚል ስም አወጣለት፤ ልጁም አደረገው።

አባትና ልጅ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። በቤታቸው ላይ የራስ ቅል የተሣለበት የባሕር ወንበዴዎች ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ሂሪሉክም ይህ ምልክት የማይቻለውን የሚደፍር የጽኑ እምነት ዓርማ መሆኑን ለልጁ አስተማረው። የሰጠው ትምህርት ይህ ብቻ ነበር፤ ነገሩም የተበላሸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሂሪሉክ ዳግመኛ ታመመ፤ የቀረውም ጥቂት ቀን ብቻ ሆነ። ቾፐር ይህን በሰማ ጊዜ አባቱን የሚያድን ነገር ፍለጋ የሕክምና መጽሐፍ ገለጠ። በአንድ የእንጉዳይ ሥዕል አጠገብ የራስ ቅል ምልክት አየ። «አባቴ ያስተማረኝ ምልክት ይህ ነው፤ ስለዚህ ታላቅ መድኃኒት ነው» ብሎ አሰበ። እንጉዳዩን ለማግኘት በበረዶው ውስጥ ተንከራተተ፤ ከጥንት መንጋው ጋር ተዋጋ፤ ቀንዱ ተሰበረ፤ ቁስሉ ሳይጠግግ አመጣው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ያ ምልክት የሚገድል መርዝ ማለት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቾፐር የበለጠ የሚወድ ማን አለ? ከእርሱ የበለጠስ ዋጋ የከፈለ ማን አለ? ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የቁስሉ ብዛት መርዙን መድኃኒት አላደረገውም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ለእግዚአብሔር ቅንዓት እንዳላቸው መስክሮላቸው፣ ቅንዓታቸው ግን በዕውቀት እንዳልሆነ ያዝናል። ቅንዓቱን አልካደባቸውም፤ በዚህም ኀዘኑን አላቀለለም። ቾፐርንም እንዲሁ ልናየው ይገባናል፦ ፍቅሩን ሳንነቅፍ፣ ስሕተቱንም ሳናሳንስ።

የቾፐር ስሕተት ስንፍና አለመሆኑንም ልብ በሉ። መጽሐፍ ገልጧል። የጎደለው መጽሐፉን የሚያነብለት መምህር ነው። ከቤቱ የተማረውን ምልክት ይዞ ሄዶ በማያውቀው መጽሐፍ ላይ ተረጎመበት። አንድን ቃል ወይም አንድን ምልክት ከአንድ ስፍራ ነቅለን በሌላ ስፍራ የምንተክል ሁሉ ይህ አደጋ አለብን። መጻሕፍትን ከመምህር እግር ሥር ሆነን መማር አለብን የምንለው አባቶቻችን ክብር ፈላጊዎች ስለነበሩ ሳይሆን፣ በራስ ግምት የተነበበ መጽሐፍ የሚወዱትን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ዝም ያለው አባትና የተናገረችው ሐኪም

ሂሪሉክ ሾርባውን አየ፤ መርዝ መሆኑንም ዐወቀ። ሆኖም ጠጣው፤ ተሻለኝም ብሎ ለልጁ ደስታውን ገለጠ። ብዙ አንባብያን በዚህ ስፍራ ያለቅሳሉ፤ ማልቀሳቸውም አይደንቅም። ሞቱ ቀርቧልና፣ ልጁ በደም ያመጣውን ስጦታ መጣል አልቻለም።

ይሁን እንጂ ይህን ዝምታ ያለ ጥያቄ ልናልፈው አይገባም። ሂሪሉክ የቾፐርን ልብ ለአንድ ሰዓት አዳነው፤ ቾፐርን ግን በስሕተቱ ውስጥ ተወው። ያ የዋህ ልጅ በነገታው ሌላ በሽተኛ ቢያገኝ ያንኑ እንጉዳይ በደስታ ባቀረበለት ነበር። ለሚወዱት ሰው መሞት ታላቅ ነገር ነው፤ ለሚወዱት ሰው እውነቱን መንገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ይልቅ ይከብዳል።

እውነቱን የነገረችው ዶክተር ኩሬሃ ናት። እርስዋ የ139 ዓመት አዛውንትና የተካነች ሐኪም ስትሆን፣ ምላስዋ የተሳለ፣ ለሕክምናዋም ብዙ ዋጋ የምታስከፍል ናት። ሂሪሉክ ልጁን ሕክምና እንድታስተምርለት ሲለምናት አልቀበልም ብላ አባርራዋለች። ለቾፐር ግን እንጉዳዩ የሚገድል መሆኑን፣ የራስ ቅሉም የመርዝ ምልክት መሆኑን፣ አባቱም ይህን እያወቀ እንደ ጠጣው ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሰውን ለማዳን ደግነት ብቻ እንደማይበቃ፣ ማዳን የሚፈልግ ዕውቀትና ሙያ ሊኖረው እንደሚገባ አስረዳችው። ጠቢቡ ሰሎሞን ከጠላት መሳም ይልቅ የወዳጅ ማቁሰል የታመነ መሆኑን እንዳስተማረ፣ የኩሬሃ ቃል አቆሰለ፤ ነገር ግን ሐኪም የወለደው ያ ቁስል ነው።

በጃፓን ማንጋ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሐኪም ሂሪሉክ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 መታተም የጀመረውና ራሱ ሕክምና የተማረው ኦሳሙ ቴዙካ የደረሰው ብላክ ጃክ የተሰኘው ሥራ፣ ፈቃድ የሌለው ነገር ግን እጁ እጅግ የተካነ ቀዶ ሐኪም ታሪክ ነው። ብላክ ጃክ ሙያ ሞልቶት ሰዎች ልብ የለውም ይሉታል፤ ሂሪሉክ ልብ ሞልቶት ሙያ የለውም። ኦዳ ሁለቱን ግማሾች ለሂሪሉክና ለኩሬሃ ከፍሎ ሰጣቸው፤ በቾፐር ውስጥም አጋጠማቸው። ቾፐር አባቱ በሞተ ጊዜ የመረጠውን አስተውሉ፦ በኩሬሃ ፊት እያለቀሰ ሕክምናን እንድታስተምረው፣ ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት እስኪሆን ድረስ እንዲማር ለመነ። ኀዘኑን ወደ ትምህርት ለወጠው።

ሰው የሚሞተው መቼ ነው?

አሁን ወደ ታወቀው ንግግሩ እንምጣ። ንጉሥ ዋፖል 20ዎቹ ሐኪሞች ታመዋል የሚል ወሬ አስነዛ። ሂሪሉክም መርዙን በሆዱ ይዞ ሊያክማቸው ወደ ግንቡ ሮጠ። ወጥመድ እንደነበረ ሲያውቅ አልተቆጣም፤ የታመመ ሰው ባለመኖሩ ደስ አለው። በዚያ በወታደሮች ፊት ቆሞ፣ ሰውን ጥይትም፣ በሽታም፣ የእንጉዳይ መርዝም እንደማይገድለው፣ ሰው የሚሞተው ሲረሳ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያም የሚፈነዳ ነገር ጠጥቶ በገዛ እጁ ሞተ።

የንግግሩን ስፍራ ብናስተውል ትርጉሙ ይገለጥልናል። እንጉዳዩ አይገድለኝም ማለቱ ልጁን ከጸጸት ነጻ ለማውጣት ነው። አባት ለልጁ የተናገረው የፍቅር ቃል እንጂ ለዓለም ሁሉ የታወጀ የሞት ትምህርት አይደለም። ነቅለን ወስደን የኀዘን ቤት ማጽናኛ ስናደርገው ግን ቾፐር በራስ ቅሉ ምልክት ላይ ያደረገውን እናደርጋለን።

ቃሉ ማጽናኛ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ብንከተለው ጨካኝ ነውና። ሰውን በሕይወት የሚያቆየው የሰዎች ትዝታ ከሆነ፣ ወገን ሳይኖረው የተቀበረው ድኃ፣ በባሕርና በበረሃ ስሙን የሚናገርለት አጥቶ የቀረው ስደተኛ ሁለት ጊዜ ሞተዋል ማለት ነው። የታወሱት ደግሞ የሚኖሩት እኛ እስክንሞት ድረስ ብቻ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን ታስባለች፤ ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፤ ተዝካር ታደርጋለች። የምታስባቸው ግን በማሰቧ እንዲኖሩ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት ሕያዋን ስለሆኑ፣ ትንሣኤያቸውንም ስለምትጠብቅ ነው።

ሂሪሉክ አስቀድሞ ሌባ እንደነበረ ተናግረናል። በጌታችን ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም እንዲሁ ሌባ ነበረ፤ እርሱም በመጨረሻዋ ሰዓት መታሰብን ፈለገ። ልመናውን ያቀረበው ግን በመስቀሉ ዙሪያ ለቆመው ሕዝብ አልነበረም። የሚያስብ ሊረሳ ይችላል፣ የሚያስብም ይሞታል፤ ስለዚህ እንዲያስበው የለመነው የማይሞተውን፣ የማይረሳውንም ነው። በሂሪሉክ ቃል ውስጥ ያለው ናፍቆት እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን በሰው ትዝታ ውስጥ አይገኝም።

አሟሟቱንም ሳንናገር አናልፍም። ደራሲው ውብ አድርጎ ሥሎታል፤ ነፍሳችን ግን የተሰጠችን አደራ እንጂ በፈቃዳችን የምናጠፋት ገንዘባችን አይደለችም። ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእናንተ መካከል ሞትን እንደ ዕረፍት የሚያይ ሐሳብ የሚመላለስበት ቢኖር ብቻውን አይታገል። ለንስሐ አባቱም፣ ለሐኪምም፣ ለሚያምነው ሰውም ይንገር። ሁለቱን ማድረግ እምነት ማነስ አይደለም፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

የታየው አበባ

ታሪኩ የሚፈጸመው በበረዶ ነው። ሂሪሉክ በ30 ዓመት ድካም ያገኘው ከበረዶ ጋር ተጣብቆ ቀለሙን የሚለውጥ ዱቄት ነበር፤ በሕይወት ሳለ ግን አበባውን አላየም። ቾፐር ከሉፊ ጋር ከደሴቲቱ በሚወጣበት ሌሊት ኩሬሃ ዱቄቱን በመድፍ ወደ ሰማይ ተኮሰችው። የሚወርደው በረዶ ሁሉ የሳኩራ ቀለም ለበሰ፤ ግንቡ ያለበት ተራራም በአበባ እንደተሸፈነ ታላቅ ዛፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የማንጋው 17ኛ ቅጽም «የሂሪሉክ ሳኩራ» የሚል ርእስ ተሰጠው። ለአንድ ረዳት ገጸ ባሕርይ ይህ ትንሽ ክብር አይደለም።

የማይዳሰሰውን ያለመው ያልተማረው ነው፤ ለፍጻሜ ያደረሰችው የተማረችው ናት። አንዳቸው ያለ ሌላው አበባውን ባላዩት ነበር። የንብን ምሳሌ ያስተማረን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድኆችና ለሕሙማን መጠጊያ ሲያቋቁም፣ ለሚያዝንላቸው ሕሙማን የሚያውቁ ሐኪሞችን ያዘጋጀው ይህንኑ ተረድቶ ነው።

እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት ለማገልገል የሚቃጠል ልብ አናጣም። ለታመመ ጓደኛ ያልተመረመረ መድኃኒት የሚመክር፣ ለተጨነቀች እኅት ያልተማረውን ትርጓሜ የሚያስተምር፣ ለሚጠይቅ ልጅ ከመምህር ያልሰማውን መልስ የሚሰጥ ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሁላችን ይልቅ የሚወድ እርሱ ነው። ስለዚህ ፍቅራችን እንዲቀዘቅዝ አንጸልይ፤ ሾርባውን ከማቅረባችን በፊት መጽሐፉን ወደሚያነብልን መምህር ይዘን እንሂድ። ያለ ዕውቀት ያቆሰልነው ሰው ካለም እንደ ቾፐር እያለቀስን እንማር። ቾፐር የአባቱን ባንዲራ አልጣለም፤ ልዩነቱ በመጽሐፍ ላይ ሲያገኘው ምን ማለት እንደሆነ ማወቁ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።